የመምህር የሥራ ፍቅርና የሙያ ተማሪ ፍሬ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ለመናገር ዕድል ስለ ተሰጠኝ ደስ ብሎኛል። ስሜ ከተናጋሪዎቹ ተራ መግባቱን በሰማሁ ዕለት ግን ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ በልጦብኝ ነበር። እናቴ ጭንቀቴን አይተው፣ «የምታውቀውን ብቻ ተናገር፤ ሰው ጉልበቱ የሚንቀጠቀጠው የማያውቀውን ሲናገር ነው» አሉኝ። እኔም ምክራቸውን ተቀብዬ፣ በዐይኔ ያየሁትንና በቤታችን የደረሰውን ነገር መነሻ በማድረግ፣ የመምህር የሥራ ፍቅር ለሙያ ተማሪ ውጤት ምን ያህል እንደሚረዳ ለመናገር አስቤአለሁ።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፣ «ይህ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ቶርኖ አላንቀሳቀሰ፣ ብረት አልበየደ፤ ስለ ሙያ ትምህርት ለመናገር ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ሁለት ነው፤ አንደኛው የምንማርበት ሰፈር፣ ሁለተኛው ታላቅ ወንድሜ ነው።

በሰፈራችን ልጀምር። ብዙዎቻችን እንደምናውቀው የሜክሲኮ አደባባይ ይህን ስም ያገኘው፣ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ስለ ኢትዮጵያ መብት ስለ ተከራከረና ወረራውን አልቀበልም ብሎ ስለ ጸና ነው። እነርሱም በበኩላቸው በዋና ከተማቸው አንድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በኢትዮጵያ ስም ሰይመው፣ የአንበሳ ራስ ምልክት አድርገውበታል። ነገር ግን ሰፈራችን ከዚህ ሌላ የሚያኮራ ታሪክ አለው፤ ይኸውም የሙያ ትምህርት ሰፈር መሆኑ ነው። ዛሬ ጎረቤታችን የሆነው ተግባረ እድ የተመሠረተው አገራችን ነፃነቷን ባገኘች በማግሥቱ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም ሳይዘገይ በ1943 እ.ኤ.አ. ተከተለ። በልደታ በኩል የምናየውና ሰው ሁሉ ሕንፃ ኮሌጅ የሚለው ተቋም ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ተጀመረ። እንግዲህ ብረት የሚሠራው፣ ሒሳብ የሚይዘውና ቤት የሚያንጸው ሰው የሚማሩባቸው ሦስቱም ቤቶች በእግር በሚደረስበት ርቀት ይገኛሉ።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ የሚጓዝ ሰው «ተግባረ እድ» የሚባለውን ጣቢያ ያልፋል። ቃሉ ግእዝ ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አምስት የክፍል ጓደኞቼን የስሙን ትርጉም ጠየቅኋቸው። አንዱ ብቻ መለሰልኝ። ሌሎቹ አራቱ በየቀኑ በዚያ የሚያልፉ ናቸው። ይህን የምለው ጓደኞቼን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ወንድሜ እዚያ ባቡር ውስጥ እስኪነግረኝ ድረስ አላውቀውም ነበር።

በአገራችን ባለ እጅ ሰው እንደሚገባው ሳይከበር ብዙ ዘመን አልፎአል። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ እያለ፣ በቀጥቃጩ ማረሻ አርሶ፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት ቀቅሎ የሚበላ ሰው ሠሪዎቹን ግን ሲሸሽ ኖሮአል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህ ስድብ አገርን እንደሚጐዳ ስለ ተረዱ፣ ሠራተኛን በሥራው የሚያዋርድ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዛሬ እነዚያን ስሞች አደባባይ ወጥቶ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በምትካቸው ሌላ ለስለስ ያለ ስድብ አግኝተናል፤ «ካልሆነለት ቴክኒክና ሙያ ይገባል» እንላለን። ይህን ቃል በቤታችን ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ።

«ካልሆነለት» የምንለው ሰው ስንት እንደሆነ ግን እንመልከት። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በተከታዩ ዓመትም ውጤቱ ከዚህ እምብዛም አልተለየም። የማካካሻ ትምህርት ዕድል ያገኙ ቢኖሩም፣ ከመቶው ተማሪ መካከል 97 ያህሉ የተመኘው በር በመጀመሪያ ማንኳኳቱ አልተከፈተለትም ማለት ነው። እንግዲህ የሙያ ትምህርት የጥቂት ሰነፎች ማረፊያ ነው የሚለው አነጋገር ከሒሳቡ ጋር አይስማማም። የሙያ ትምህርት የብዙዎቻችን ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሙያ ተማሪ ፍሬ እንዲያፈራ የሚያደርገው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ተማሪና ወላጅ ሁሉ የገዛ ጥያቄው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከእነዚያ 97ቱ አንዱ ነበረ። ውጤቱን ያየን ማታ በቤታችን እራት አልተበላም። አባቴ አልተቈጡም፤ ዝም አሉ እንጂ። ዝምታቸው ግን ከቍጣ ይከብድ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ በአንድ ኮሌጅ ብረታ ብረት ሥራ ለመሠልጠን ተመዘገበ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ሰፈሩንም አልናገርም፤ ነገሩ በአንድ ቤት ብቻ የሚደርስ አይደለምና።

የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት እንደሚከተለው አለፉ። አሠልጣኙ ዘግየት ብሎ ይገባል፤ ከአንድ ያረጀ ወረቀት ላይ ጽሑፍ በሰሌዳ ይገለብጣል፤ ሠልጣኞቹም በደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ይወጣል። በወርክሾፑ ውስጥ ሦስት ቶርኖዎች ነበሩ፤ ሸራ ለብሰው ቆመዋል። የወርክሾፑ ቍልፍ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኀላፊ ኪስ ውስጥ ነው፤ ለመውሰድ የሚፈርም ሰው የለም፤ ዕቃ ቢሰበር የፈረመው ይጠየቃልና። አባቴ አንድ ቀን፣ «ምን ተማርክ?» ብለው ቢጠይቁት ወንድሜ ደብተሩን አመጣ። የሞረድ ዐይነቶች በሙሉ በሚያምር ጽሕፈት ተሥለዋል፤ ጠፍጣፋው፣ ክቡ፣ ሦስት ማእዘኑ። አባቴም፣ «ከእነዚህ የትኛውን ይዘህ ታውቃለህ?» አሉት። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ያን ሰሞን ትምህርቱን ትቶ በአንድ ሚኒባስ ረዳት ሆኖ ለመሥራት ተነጋግሮ ነበር።

በአምስተኛው ወር አሠልጣኙ ተቀይሮ ሌላ መጣ። ወንድሜ ስለ መጀመሪያው ቀን ደጋግሞ ነግሮኛል። አዲሱ መምህር የገባው ቱታ ለብሶ ነው። ጠመኔ አልያዘም። ከኪሱ ሁለት ትንንሽ የብረት ኩቦች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንደኛው ጎኖቹ የተካከሉና እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ነው፤ ሁለተኛው የተንጋደደና በአንድ በኩል የተበላ ነው። «ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ይህ የተንጋደደው ሠልጣኝ ሳለሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። መምህሬ እንዳልጥለው ከለከለኝ። በመካከላቸው ሁለት ዓመት አለ። ሁለቱን ዓመት ዛሬ እንጀምረው።» ከዚያ በኋላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዶ ቍልፉን በገዛ ስሙ ፈርሞ አመጣ።

ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ቁራጭ ብረትና አንድ ሞረድ ሰጠ። ብረቱን በሞርሳ አስረው ስድስቱንም ጎን በእጃቸው እንዲያስተካክሉ አዘዘ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞረዱ። የወንድሜ መዳፍ ውሃ ቋጥሮ ፈረጠ፤ እናቴ ማታ ማታ ቅባት ይቀቡለት ነበር። መምህሩ በየተራው እየዞረ ስኳድራውን ብረቱ ላይ ያሳርፍና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣዋል። በስኳድራውና በብረቱ መካከል ብርሃን ካለፈ፣ «ገና ነው» ብሎ ይመልሳል። አይሳደብም፤ አይቸኩልምም። ወንድሜ ከአሥር ጊዜ በላይ «ገና ነው» ተብሎአል። የልምምድ ብረት ባለቀ ጊዜ መምህሩ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ካበቃም በኋላ ወርክሾፑን ሳይዘጋ ይቆይ ነበር፤ መማር የሚፈልግ ቢኖር ብሎ። መጀመሪያ ሁለት ሠልጣኞች ቀሩ፤ በኋላ አብዛኛዎቹ መቅረት ጀመሩ።

አንድ ማታ ወንድሜ ኩቡን በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ቤት አመጣውና ምንም ሳይናገር በአባቴ ፊት አኖረው። አባቴ በእጃቸው መዘኑት፤ ጎኖቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ «ይህን በማሽን ነው የሠራኸው?» አሉት። «በእጄ ነው» አለ። አባቴም ኩቡን አልመለሱለትም። ከራዲዮናቸው ላይ አስቀመጡት፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ወንድሜ የብቃት ምዘናውን በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ፤ አሁን በአንድ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። የእኔን የዘንድሮ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛው እርሱ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ልብ በሉ። ሕንፃው ያው ሕንፃ ነበር። ቶርኖዎቹም ያው ሦስቱ ነበሩ። ሠልጣኞቹም ያው «ያልሆነላቸው» ልጆች ነበሩ። የተለወጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሆኖም አንድ ታሪክ ማስረጃ ይሆናል እንጂ ሕግ አይሆንም። ስለዚህ ሌሎች ምን አገኙ ብዬ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ፈለግሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ አንድ የጀርመን አገር ጥናት 71 የሒሳብ መምህራንንና ከ1,500 በላይ ተማሪዎቻቸውን ተከታትሎ ነበር። ያገኘውም መምህሩ በማስተማሩ ደስ የሚለው ሲሆን ተማሪዎቹም በትምህርቱ ደስ እንደሚላቸው፣ ደስታውም ከእርሱ ወደ እነርሱ የሚሻገረው በአስተማሪው ግለት አማካይነት መሆኑን ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን ጥናቱ የተመለከተው የተማሪን ደስታ ነው፤ ደስታ ደግሞ ወደ እውቀት የሚያደርስ መንገድ ቢሆንም፣ እርሱ ራሱ እውቀት አይደለም።

ለዚህም ሌላ ምስክር አለ። በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ሦስት ምሁራን አንድ ተዋናይ አዘጋጅተው፣ «ዶክተር ፎክስ» የሚል ስም ሰጥተው፣ በተማሩ ሰዎች ስብሰባ ላይ ንግግር እንዲያደርግ አደረጉ። ተዋናዩ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ንግግሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ ፍሬ ነገር የሌለው እንዲሆን ሆን ተብሎ የተሰናዳ ነበር። አነጋገሩ ግን የጋለ፣ ፈገግታ የተሞላና ቀልድ ያለበት ነው። አድማጮቹ ሐኪሞችና አስተማሪዎች ሲሆኑ፣ ንግግሩን በመጠይቅ ሲመዝኑት አመሰገኑት። ምሁራኑም ይህን በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትመው ዓለምን አስደነቁ። ስለዚህ ግለት ብቻውን ሊያታልል ይችላል። ባዶ እንስራም ሲመቱት ይጮኻል።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ልናገር ያሰብሁት ነገር የፈረሰብኝ መስሎኝ ነበር። ወደ ወንድሜ ሄጄ ስነግረው ግን ሳቀ። «ያ ሰውዬ ወርክሾፕ ቢመጣ አንድ ሰዓት አይቆይም ነበር» አለኝ። «ለምን?» ብለው፣ «ብሎኑና ዳዶው ካልተጋጠሙ በፈገግታ አይጋጠሙማ!» አለኝ።

የሙያ ትምህርት ከሌላው የሚለይበት እውነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በክፍል ውስጥ አንድ መምህር በጣፋጭ አንደበቱ አላዋቂነቱን ሊሸፍን ይችል ይሆናል። በወርክሾፕ ግን ፈታኙ ብረቱ ነው። የተበየደው በር ወይ ይዘጋል፣ ወይ አይዘጋም። የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ወይ መብራት ይሰጣል፣ ወይ አይሰጥም። ስለዚህ በሙያ ትምህርት ውስጥ የሥራ ፍቅር ስንል ጩኸትና ቀልድ ማለታችን አይደለም። መምህሩ ሙያውን ያውቃል፤ ማወቁንም በተማሪዎቹ ፊት በእጁ ይሠራል። ከዚያም ተማሪው ተመሳሳይ ሥራ እስኪሠራ ድረስ ሳይሰለች ይመልሰዋል። የወንድሜ መምህር ፍቅሩን የገለጸው «እወዳችኋለሁ» በማለት ሳይሆን «ገና ነው» በማለት ነው።

ይህ ዐይነት ፍቅር በተማሪው ላይ እንዴት ይሠራል? እኔ ሦስት መንገድ አይቻለሁ። አንደኛ፣ የሙያ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልቡ ተሰብሮ ነው። ወድቀሃል ተብሎ የመጣ ሰው በሩ ላይ ሙያውን የሚንቅ አሠልጣኝ ካገኘ ዳግመኛ ይወድቃል። ሙያውን የሚያከብር ሰው ሲያገኝ ግን ራሱንም ማክበር ይጀምራል። ሁለተኛ፣ የእጅ ጥበብ የሚገኘው በመደጋገም ነው፤ መደጋገም ደግሞ ያሰለቻል። ሦስት ሳምንት ብረት መሞረድ ዓላማውን ለማያይ ሰው እስር ቤት ነው። ዓላማውን የሚያሳየው፣ መንገዱን ከፊቱ የሄደና አሁንም የሚወደው ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ወርክሾፕ አደገኛ ስፍራ ነው። የሚሽከረከር ብረት የጣት ወዳጅ አይደለም። ሥራውን የሚወድ መምህር የተማሪውን እጅጌ መጠቅለል፣ የመነጽሩንም ነገር ሳይመለከት ማሽን አያስነሣም። የሰለቸ መምህር ግን ዐይኑ ሰዓቱ ላይ ነው።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የሚሠሩትን በልብ መያዝ ነው ብለን እንተረጕመዋለን። እኔ ግን ሙያ ከእጅ አስቀድሞ በልብ የሚጀመር መሆኑንም የሚያስተምረን ይመስለኛል።

ከታሪካችንም አንድ ምሳሌ ልጨምር። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ መንደር አቋቁመው እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዚያ የሚሠሩት ከስዊስ አገር ከባዝል አጠገብ ካለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ባለ ሙያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ዋልድማየር ይባል ነበር። እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንጌል ለማስተማርና የእጅ ሥራ ለመሥራት እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልነበረም፤ መድፍ ሠርተውም አያውቁም። ንጉሡ ግን ሥሩልኝ አሉ። ከብዙ ልፋት በኋላ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ወደ መቅደላ የሚጓዝበት መንገድ ሲጠረግም ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሣ ቆሞ የሚያይ ወታደር አይኖርም። የመሪ ትጋት ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን የታሪኩን መጨረሻ አንርሳ። በ1868 እ.ኤ.አ. ንጉሡ በመቅደላ ሲሞቱ ፈረንጆቹ ባለ ሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። ምክንያቱ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ እሳቱ ይነድድ የነበረው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ስለሆነ ነው። ሠራተኞቹ የሠሩት በግዳጅ ነበር። እውቀቱንም ተቀብሎ ለሌላ የሚያስተላልፍ በቂ ትውልድ ገና አልተዘጋጀም። የሴባስቶፖል አምሳያ ዛሬ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ እናየዋለን፤ ጋፋት የጀመረው ትምህርት ግን እንደ ገና ከመጀመሪያው እስኪጀመር ብዙ ዓመታት ጠበቀ። ስለዚህ የአንድ ሰው ግለት ምንም ያህል ታላቅ ቢሆን፣ ወደ ተማሪው ካልተሻገረና ትምህርት ቤት ካላቀፈው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

እኔ እስከ 8ኛ ክፍል የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ወንዱም ሴቱም ስፌት፣ አትክልትና እንጨት ሥራ ይማር ነበር። እኛ ወንዶቹ ቍልፍ መትከል ስንማር አፍረን እንሣሣቅ ነበር። የምታስተምረን መነኵሲት አልተቈጣችንም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ ነግራን፣ ከእኛ መካከል ተቀምጣ የራሷን ቀሚስ መጠገን ጀመረች። ሣቁ ያን ጊዜ ቆመ። እኔም እስከ ዛሬ ሸሚዜን የምጠግነው ራሴ ነኝ። መምህርት ሥራውን ከእኛ ጋር ባትሠራው ኖሮ፣ የሐዋርያው ታሪክ ብቻውን ቍልፍ አያስተክለንም ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዕድሜዬ 18 ነው፤ ትልልቆችን ለመምከር አልደፍርም። ይሁን እንጂ የሚሰማኝን ልናገር።

በመጀመሪያ፣ ሁሉን ነገር በመምህሩ ፍቅር ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወንድሜ የነበሩትን ሁለት አሠልጣኞች ሳነጻጽር፣ የመጀመሪያው ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ምናልባት እርሱም ሲጀምር ቱታ ለብሶ ይመጣ ይሆናል። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ ቍልፍ ለመውሰድ በፈረመ ቍጥር በተሰበረ ዕቃ ዕዳ የሚፈራ፣ የልምምድ ብረት ጠይቆ ዓመት የሚጠብቅ ሰው ልቡ ቢቀዘቅዝ አያስደንቅም። ፋኖስ ያለ ዘይት አይበራም። ሁለተኛው መምህር ብረት በትከሻው መሸከሙ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን መሸከም አልነበረበትም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሥልጣን ያላችሁ ሁሉ፣ ቍልፉ ከኪስ ወጥቶ ማሽኑ እንዲሠራ፣ የሠልጣኝ ስሕተትም እንደ ትምህርት ወጪ እንዲቈጠር ብታደርጉ፣ የብዙ መምህራን ግለት ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የሙያ ሠልጣኞች ከኮሌጃቸው ውጪ በድርጅቶች ውስጥ በትብብር እንዲሠለጥኑ ሥርዐት ተዘርግቶአል። ይህም በጀርመን አገር ለረጅም ዘመን ከተሠራበት ሥርዐት ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ከሆነ የድርጅቱ ባለ ሙያም መምህር ነው ማለት ነው፤ ሠልጣኙን ሻይ ላኪ ሳያደርግ ሥራ ቢያሳየው ለራሱም የነገ ሠራተኛ ያፈራል።

ሁለተኛ፣ እኛ ተማሪዎችም ድርሻ አለን። የመምህር ግለት የአንድ ወገን ስጦታ አይደለም። የሰለቸ ክፍል ትጉህ መምህርን ያደክማል፤ የነቃ ክፍል ደግሞ የደከመውን ያነቃል። ወንድሜና ጓደኞቹ መምህራቸው ሳያዛቸው ወርክሾፑን መጥረግና ማሽኖቹን ዘይት መቀባት ጀምረው ነበር። መምህሩ አንድ ጧት ቀድሞ መጥቶ ሲያያቸው፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ለምን እንደ ወጣ ማንም አልጠየቀውም።

ሦስተኛ፣ ለወላጆቻችን። ልጃችሁ ሐኪም እንዲሆን መመኘታችሁ ከፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን «ካልሆነለት» የምትለዋን ቃል ከቤታችሁ አስወጡልን። ወርክሾፕ የገባ ልጅ መምህሩ ቀን የሠራውን ልብ፣ ማታ በእራት ጠረጴዛ ዙሪያ አታፍርሱበት። የአባቴ ራዲዮን ላይ ያለው ትንሽ ብረት ለወንድሜ ከምስክር ወረቀቱ ይበልጥበታል።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኛም የ12ኛ ክፍል ፈተና እንቀመጣለን። እኔ በትምህርቴ መካከለኛ ብሆንም አልፋለሁ ብለው የሚያምኑብኝ መምህራን አሉ። አባቴም ምሕንድስና እንድማር ይመኛሉ። እኔ ግን ባልፍም ባላልፍም መሆን የምፈልገው የብረታ ብረት ሙያ አሠልጣኝ ነው። ይህን የወሰንሁት ያ ኩብ ራዲዮኑ ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ነው፤ አባቴ ግን የሚሰሙት ዛሬ፣ በዚህ አዳራሽ፣ ከእናንተ ጋር ነው። አባባ፣ በሰው ፊት በመናገሬ ይቅር ይበሉኝ። በቤት ለመንገር ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። «ካልሆነለት» የሚለው ቃል ለእኔ የሠራው በዚህ ብቻ ነው።

አንድ ቀን በዚህ ሰፈር፣ በተግባረ እድ ጣቢያ ወርጄ፣ ቱታዬን ለብሼ፣ በኪሴ ሁለት የብረት ኩቦች ይዤ ወደ አንድ ወርክሾፕ ብገባ ምኞቴ ይፈጸማል። የተንጋደደውን ኩብ ለመሥራት ጊዜ አይፈጅብኝም፤ እርሱን በመጀመሪያው ሳምንት እንደምሠራው እርግጠኛ ነኝ። ሁለተኛውን እስክሠራ ድረስ ግን «ገና ነው» የሚለኝ መምህር እንዲገጥመኝ ጸልዩልኝ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፣ መምህራኖቻችንንና አገራችንን ይባርክ።